ሁለት አጥቂዎችን ስለ ማጣመር

ዕድሜው ከስድሳ ያለፈ ሰው ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ ሊጽፍ ብዕሩን ሲያነሣ፥ አንባቢ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም። እኔም ራሴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ኖሮ ፈገግ እል ነበር። ነገር ግን ሰው ጉድፉን የሚያይበትን መስተዋት አማርጦ አያገኝም። እኔን የገጠመኝ መስተዋት የልጄ ኮምፒዩተር ስለ ነበረ፥ የሆነውን እንደ ሆነው ልጽፈው ወደድሁ።

በደሴ ከተማ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። በ2016 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ፥ ከላይኛው መደርደሪያ የወረቀት እሽግ ላወርድ መሰላል ላይ ወጥቼ ወደቅሁና የቀኝ እግሬ ተሰበረ። ሐኪሙ በጄሶ አስሮ ሁለት ወር ሙሉ እንዳልረግጥበት አዘዘኝ። ለነጋዴ ሰው ሁለት ወር አልጋ ላይ መዋል ምን ያህል እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። የጣራውን ማገር ቆጥሬ ጨረስሁ፤ ባለቤቴንም በየሰዓቱ እየጠራሁ «ሱቁን ማን ከፈተው? ማን ዘጋው? ስንት ተሸጠ?» እያልሁ አስመረርኋት። ልጄ ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ ነበርና የእናቱን መከራ አይቶ ኮምፒዩተሩን ጭኔ ላይ አስቀመጠልኝ። «አባዬ፥ ሰው ካላዘዝህ አይሆንልህምና፥ እንካ፤ ሃያ አምስት ጎረምሳ ይኸውልህ» አለኝ።

ጨዋታው ፉትቦል ማኔጀር ይባላል። በዚህ ጨዋታ ሰው ኳስ አይመታም፤ የአሠልጣኝነት ሹመት ነው የሚሰጠው። ተጫዋች ይገዛል፥ ይሸጣል፥ ደመወዝ ይዋዋላል፥ አሰላለፍ ያወጣል። ግጥሚያው ከተጀመረ በኋላ ግን ተቀምጦ ከመመልከትና አልፎ አልፎ ትእዛዝ ከመለወጥ በቀር ሌላ ሥልጣን የለውም። ተጫዋቹ ሁሉ በየችሎታው ከ1 እስከ 20 በሚደርስ ቁጥር ተመዝኖ ቀርቧል፤ ይኸውም የአጨራረሱ፥ የፍጥነቱ፥ የዝላዩ፥ የጉልበቱ፥ የእርጋታው፥ ሳይቀር ለጓደኞቹ የመሥራቱ ነገር በቁጥር ተጽፏል። ዕድሜውን ሁሉ ቁጥር ሲጽፍ ለኖረ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ መናገር አያስፈልግም። በሁለተኛው ቀን ምሳዬን ረሳሁ።

የጨዋታው አባቶች ፖልና ኦሊቨር ኮልየር የሚባሉ እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ገና ወጣቶች ሳሉ በቤታቸው መኝታ ክፍል መሥራት ጀምረው፥ በ1992 ቻምፒዮንሺፕ ማኔጀር በሚል ስም ለገበያ አወጡት። በኋላም በ2003 ከአሳታሚያቸው ጋር ተለያዩ። በክፍያው ጊዜ ስሙ ለአሳታሚው ሲቀር፥ የሥራው አንጀት ከወንድማማቾቹ ድርጅት ጋር ሄደ፤ ከ2004 ወዲህ ፉትቦል ማኔጀር የተባለው እርሱ ነው። ልጄ ይህን ሲያጫውተኝ «ሁለት ወንድማማቾች» ካለው ቃል በኋላ ያለውን በደንብ አልሰማሁትም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የያዝሁት ቡድን በእንግሊዝ አራተኛው እርከን፥ ሊግ ቱ በሚባለው ውስጥ የሚጫወት ትንሽ ቡድን ነበር። በዚያ እርከን 24 ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዱም በዓመት 46 ጊዜ ይጋጠማል። ዛሬ አብዛኞቹ አሠልጣኞች ከፊት አንድ አጥቂ ብቻ ያቆማሉ። እኔ ግን በልጅነቴ ሁለት ሲሰለፉ አይቼ ያደግሁ ስለሆንሁ፥ ሁለት ካላሰለፍሁ የቤቱ በር አንድ ተካ ብቻ የቀረው ይመስለኛል። ስለዚህ አራት ተከላካይ፥ አራት አማካይ፥ ሁለት አጥቂ ብዬ ጀመርሁ።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ነጋዴ ሁሉ የሚሠራው ነው። ካሉኝ አጥቂዎች መካከል በአጨራረስ ቁጥራቸው የሚበልጡትን ሁለቱን መረጥሁና ጎን ለጎን አቆምኋቸው። አንዱ ጥሩ ቢሆን ሁለቱ ሁለት እጥፍ ጥሩ ይሆናሉ ብዬ ነበር። ሁለቱም ፈጣኖች፥ ሁለቱም ከተከላካይ ጀርባ መሮጥ የሚወዱ ነበሩ። ኳስ መሐል ሜዳ ላይ ሲያዝ ሁለቱም ወደ አንድ ቀዳዳ ይሮጣሉ፤ ኳሱን ሊቀበል ወደ ኋላ የሚመጣ ግን የለም። አማካዮቼ ግራ ቀኝ አይተው የሚሰጡት ሰው ሲያጡ ወደ ላይ ይለጉታል፤ ረጃጅሞቹ ተከላካዮችም በግንባራቸው ይመልሱታል። ስምንት ግጥሚያ ተጫውተን አራት ግብ አገባን። ልጄ ከኋላዬ ቆሞ ሲመለከት ቆየና «አባዬ፥ ሁለት አፍ አሰልፈህ እጅ የለህም። ማን ያጉርሳቸው?» አለኝ።

ከዚያ በኋላ የሚናዎቹን ትምህርት ከእርሱ ተማርሁ። በእኔ እጅ ባለው የ2024 በሚባለው እትም ውስጥ አጥቂ ሁሉ አጥቂ ብቻ አይደለም። ፖቸር የሚባል አለ፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ያለ ፈቃድ ከሰው ደን ገብቶ የሚያድን ማለት ነው። ይህ ሰው በተከላካዮቹ ትከሻ ላይ ተለጥፎ ይውላል፥ ሌላ ሥራ አይሠራም፥ አንዲት ቀዳዳ ስትከፈት ብቻ ይገባባታል። ታርጌት ፎርዋርድ የሚባለው ደግሞ ግዙፉ ነው፤ ረጅሙን ኳስ በግንባሩና በደረቱ እየተቀበለ ለሌላው የሚያወርድ። ዲፕ ላይንግ ፎርዋርድ የተባለው ወደ ኋላ ተስቦ ኳስ ይቀበልና ያቀብላል። ፕሬሲንግ ፎርዋርድ የሚሉት እንደ ውሻ እየተሯሯጠ ተከላካዮቹን ዕረፍት የሚነሣ ነው። ሌሎችም አሉ፤ ነገር ግን ሁሉን ብዘረዝር አንባቢን አሰለቻለሁ።

ዋናው ነገር ጥምረቱ የሚሠራበት ምክንያት ነው። ተከላካይ ማለት ሁልጊዜ ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ የሚገደድ ሰው ነው። ወደ ኋላ የተሳበውን አጥቂ ቢከተለው ጀርባው ክፍት ይቀራል፤ ባይከተለው ያ ሰው ኳሱን ይዞ ይዞራል። ግዙፉን ብቻውን ሊዘልለው ቢሞክር ይሸነፋል፤ ሁለት ሆነው ቢዘልሉት ደግሞ ያ አጭሩ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ሁለቱ አጥቂዎች አንድ ዓይነት ከሆኑ ተከላካዩ የሚመርጠው ነገር የለውም፥ ቁሞ ይጠብቃቸዋል። የተለያዩ ከሆኑ ግን የመረጠው ሁሉ ያጎድለዋል። እንግዲህ ግቡ የሚወለደው ኳሱ ከመመታቱ በፊት፥ ተከላካዩ አንዲት እርምጃ ወደ አላስፈላጊው አቅጣጫ በተራመደበት ቅጽበት ነው። ያቺን እርምጃ የሚጽፍ መዝገብ የለም።

በዓለሙ ሜዳም የታየ ነገር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 እና 2000 መካከል በነበረው የውድድር ዓመት፥ ሰንደርላንድ ከታችኛው እርከን ገና መውጣቱ ሳለ፥ ኬቨን ፊሊፕስ የሚባለው አጭር ሰው በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 30 ግብ አግብቶ በአውሮፓ ሊጎች ከፍተኛ ግብ አግቢ የሚሸለመውን የወርቅ ጫማ ወሰደ። ከጎኑ ኒያል ኩዊን የተባለ ግዙፍ አየርላንዳዊ ነበር፤ የእርሱ ግብ የፊሊፕስን እኩሌታ እንኳ አልሞላም። ከዚያ አስቀድሞ በ1995 ብላክበርን ሮቨርስ ዋንጫውን ሲወስድ አለን ሺረር 34፥ ክሪስ ሰተን 15 አግብተው ነበር። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሠላሳ አራቱን ነው።

ነገር ግን ረጅምና አጭር ካልሆኑ አይሆንም የሚለውን እንደ ሕግ መያዝ ሞኝነት ነው። ማንችስተር ዩናይትድ ሦስት ዋንጫ በወሰደበት በ1999 የፊት መስመሩን የያዙት ድዋይት ዮርክና አንዲ ኮል ሁለቱም ግብ አግቢዎች ነበሩ፤ በዚያ ዓመት በሁሉም ውድድር በጋራ 53 ግብ አገቡ። በኖቬምበር 1998 በባርሴሎና ሜዳ 3 ለ 3 በወጡበት ግጥሚያ ላይ ያገቧትን አንዲት ግብ ልጄ አሳየኝ። ኳሱ ወደ ዮርክ መጣ፤ ዮርክ የሚቀበለው መስሎ በእግሩ ሥር አሳለፈው፤ ከኋላው የነበረው ኮል ተቀብሎ ለዮርክ መለሰ፤ ዮርክም መልሶ ሰጠው፤ ኮል አገባ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እኔን የገረመኝ ያ ያልተነካው ኳስ ነው። የዮርክ ትልቁ ሥራ ኳሱን አለመንካቱ ነበር።

ወደ ቡድኔ ልመለስ። በጥር ወር፥ ውል ያልነበረው አንድ ግዙፍ አጥቂ ያለ ዋጋ አገኘሁ። የተጫዋቾቹን ስም ልተወውና እኔ ያወጣሁላቸውን ቅጽል ልጠቀም፤ ይህን ዋርካ፥ ከጎኑ ያቆምሁትንም ፈጣን ልጅ ጭልፊት እላቸዋለሁ። ዋርካ በዝላይ ከፍታ 16፥ በጉልበት 15፥ ለጓደኞች በመሥራት 15 ሲኖረው፥ አጨራረሱ 8፥ ፍጥነቱም 6 ነበር። ቁጥሩን ሳይ አፈርሁበት። ነገር ግን ሁለቱን ባጣመርሁ በሦስተኛው ግጥሚያ ጭልፊት ሦስት ግብ አገባ። በሚቀጥለው ዓመት ሙሉውን አብረው ተጫወቱ፤ ጭልፊት 24፥ ዋርካ 5 ግብ አስቆጠሩ፤ ቡድናችንም አራተኛ ወጣ።

በዚያ ክረምት ደመወዝ ስመረምር የዋርካ ውል ሊያልቅ ዓመት ቀርቶት አየሁ። ጭማሪ ጠየቀ። መዝገቡን ገለጥሁ፦ አምስት ግብ! ለግብ ያቀበላቸው ኳሶችም ስድስት ብቻ ተብለው ተጽፈዋል። ጨዋታው ለእያንዳንዱ ግጥሚያ ከ10 በሚሰጠው ነጥብም ከቡድኑ አማካይ በታች ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ምን እንዳደረግሁ ሳትገምት አትቀርም። ሸጥሁት። በገንዘቡም በአጨራረስ 15 ያለው፥ አብዶ የሚያውቅ፥ መልከ መልካም ወጣት ገዛሁ። ልጄ «አባዬ፥ ተው» ቢለኝ «የቁጥሩን ነገር ለእኔ ተወው» ብዬ መለስሁለት።

ከነሐሴ እስከ ጥር ጭልፊት 5 ግብ ብቻ አገባ። መጀመሪያ ሰነፈ አልሁ፤ ልምምድ አበዛሁበት። ቀጥሎ ተጣላኝ አልሁ፤ ከቋሚ አሰላለፍ አወጣሁት። በመጨረሻም አረጀ አልሁ፤ ዕድሜው 24 ነበር። በየካቲት የቦርዱ ሰዎች ጠርተው አሰናበቱኝ። ጨዋታ ነው ብዬ ልስቅ ሞከርሁ፤ ግን በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እግሬም አሳከከኝ፥ በጄሶ ውስጥ ሆኖ አይታከክ።

ሲነጋ፥ በመልካሙ ዓመት መጨረሻ አስቀምጬው የነበረውን ቅጂ ከፈትሁና የጭልፊትን ሃያ አራት ግቦች አንድ በአንድ ተመለከትሁ። ወረቀትና እርሳስ ይዤ ነበር። የአግቢውን እግር ትቼ ዋርካን ብቻ ተከታተልሁት። በስድስቱ እርሱ አቀብሏል፤ ይህን መዝገቡም ያውቀዋል። በሌሎች ሰባት ግቦች ግን ኳሱን በግንባሩ ለአማካዩ አውርዶ፥ አማካዩ ለጭልፊት የሰጠባቸው ናቸው፤ የተጻፈው የአማካዩ ስም ነው። በአራቱ ኳሱ ወደ እርሱ ፈጽሞ አልመጣም፤ ሁለት ተከላካዮች እርሱን ሲጠብቁ ጭልፊት በመካከላቸው ብቻውን አለፈ። በአንደኛው ደግሞ ዋርካ መሬት ላይ ወድቆ ነበር፤ በላዩ የወደቀው ተከላካይ ነበር ቀዳዳውን የተወው። ስደምረው አሥራ ስምንት ሆነ። እርሳሱን አስቀመጥሁና ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

አሁን ስለ ወንድሜ መናገር አለብኝ።

ሱቁን በ1994 ዓ.ም. የከፈትነው ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሆነን በእኩል ገንዘብ ነው። እኔ ከውስጥ፥ ከመደርደሪያውና ከመዝገቡ ጋር እውል ነበር፤ እርሱ በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ይጫወታል። የመምህራኑን ሁሉ ስም ከነልጆቻቸው ያውቃል። ለቅሶ አይቀርም፤ ሠርግ አይቀርም፤ የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ሰው ታመመ ሲባል ሱቁን ትቶ ይሄዳል። እኔ ደግሞ እያንዳንዱን ሽያጭ ከሸጠው ሰው ስም ጋር በመዝገብ እጽፍ ነበር። በ2008 ዓ.ም. አንድ ቀን መዝገቡን ገልጬ አሳየሁት፤ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከተሸጠው ከሦስት እጅ ሁለቱ በእኔ ስም ነበር። «እንግዲህ እንደ ሥራችን እንከፋፈል» አልሁት። አልተከራከረኝም። ሲሶውን ወስዶ ሄደና ከዚያው መንገድ ታች ፎቶ ኮፒና ጥረዛ ቤት ከፈተ። ዓመት በዓል ሲሆን እንጠያየቃለን፤ እግሬ በተሰበረ ዕለትም ሐኪም ቤት የደረሰው ከሁሉ አስቀድሞ ነው። ነገር ግን በመካከላችን ሳቅ ከቀረ ቆይቷል።

የሱቁ ገበያ ከዚያ ወዲህ ቀነሰ። ለዚህ ምክንያት አጥቼ አላውቅም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በገባ ጊዜ ብዙ ሱቆች ተዘርፈዋል፤ የእኔም አልተረፈም። የኑሮውም ውድነት አለ። «ዘመኑ ነው» ስል ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቅልኛል። እግሬ ድኖ በመስከረም 2017 በምርኩዝ መራመድ ስጀምር ግን፥ ቤት ተቀምጠው ከዘረፋው የተረፉትን አሮጌ መዝገቦች አስወጣኋቸው። ሽያጩ የወረደው በ2009 እና በ2010 ነው። ያኔ ጦርነት አልነበረም። መደርደሪያው ያው፥ ዕቃው ያው፥ እኔም ያው ነበርሁ፤ የጎደለው አግዳሚው ላይ የነበረው ሰው ብቻ ነው።

ከዚያ በፊት የነበሩትን ገጾች እንደ ጭልፊት ግቦች አንድ በአንድ አየኋቸው። አንድ ትምህርት ቤት፥ አራት መቶ ደብተር፥ ሻጭ እኔ። ያን የንብረት ክፍል ሰው ግን እጁን ይዞ ወደ ሱቁ ያስገባው ማን ነበር? አንድ መሥሪያ ቤት፥ ሃምሳ እሽግ ወረቀት፥ ሻጭ እኔ። የዚያ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ እናቷ በሞቱ ጊዜ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ያደረው ማን ነበር? ሁሉንም የእርሱ ነው አልልም። እኔም በደኅና ዋጋና በታማኝነት ያመጣኋቸው ደንበኞች አሉ፤ እርሱም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ጥሎብኝ የሚጠፋ ሰው ነበር፤ ይህን ዛሬም አልረሳሁለትም።

ደግሞም በር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ደንበኛ ያመጣል ብዬ ማንንም አላታልልም። ከተሰናበትሁ በኋላ በጨዋታው ሌላ ቡድን ይዤ፥ ትምህርቴን የጨረስሁ መስሎኝ፥ ሌላ ግዙፍ አጥቂ ገዝቼ ነበር። ዝላዩ 17፥ ለጓደኞች መሥራቱ ግን 5 ነበርና እንደ ስልክ እንጨት ቆሞ ዋለ፤ ኳሱንም ሲያገኝ ራሱ ሊመታው ይሞክራል። ግዝፈት ብቻውን ጥምረት አይደለም፥ ወሬ ማብዛትም ንግድ አይደለም። ታዲያ የማይጻፍ ሥራ የሚሠራውን ሥራ ከማይሠራው በምን እንለያለን? እኔ ያገኘሁት አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እርሱ በሌለ ቀን የሌሎቹን ሥራ መመልከት። ይህም ቢሆን ያሳስታል፤ ጭልፊት በዚያው ዓመት ታሞ ቢሆን ኖሮ ምክንያቱን ከምን እለየው ነበር? ከዚህም የሚከፋው፥ ይህ መመዘኛ እውነቱን የሚነግረን ብዙ ጊዜ ሰውየው ከሄደ በኋላ መሆኑ ነው።

በጥቅምት ወደ ወንድሜ ቤት በምርኩዝ ወረድሁ። መኪናው ወረቀት እያባዛ ይጮኻል፤ እርሱ በሩ ላይ አግዳሚ ዘርግቶ ተቀምጧል። ተነሥቶ «ጋሼ፥ በደኅና ነው? ለምን አልላክህብኝም?» አለኝ። ተቀመጥሁና ስለ ጨዋታው፥ ስለ ዋርካ፥ ስለ አሥራ ስምንቱ ግቦች ነገርሁት። አሮጌውንም መዝገብ ይዤ ነበርና ገጾቹን አሳየሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ ዋርካው እኔ ነኝ ማለትህ ነው?» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን ተወና «ጋሼ፥ ያን ቀን መዝገቡን ገልጠህ ስታሳየኝ እኔ ቁጥሩን አላየሁትም። ያየሁት ፊትህን ነው። ደስ ብሎህ ነበር» አለኝ።

የምመልሰው አጣሁ፤ እውነት ነበርና።

አባታችን በልጅነታችን ስንጣላ የሚያስታርቀን በአንድ ታሪክ ነበር። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፥ ግብፆች 2 ለ 1 እየመሩ ሳለ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ በ84ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛዋን አገባ፤ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛዋን ጨምሮ 4 ለ 2 ተፈጸመ። «ሁለት ወንድማማች ሲተባበሩ እንዲህ ነው» ይለን ነበር አባታችን። ይህን ለወንድሜ ሳስታውሰው፥ «አባባ ግን ኳሷን ማን እንዳቀበላቸው ነግሮን ያውቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። አልነገረንም ነበር።

የመጣሁት ለይቅርታ ብቻ አልነበረም። ከሲሶው እስከ እኩሌታው ያለውን ልዩነት በዚያን ጊዜ ዋጋ አስልቼ በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። ወረቀቱን አየና አጠፈው። «ሱቁ አልመለስም፤ እዚህም በር አለኝ፥ እዚህም አግዳሚ አለኝ። ገንዘቡንም አልቀበልህም» አለ። ልከራከረው ስል፥ «የእማማ ቤት ጣራ ዘንድሮ ሁለት ክፍል ላይ አፈሰሰ። ከፈለግህ እርሱን ክደን» አለኝ።

ከገና በፊት ሁለታችን ቆርቆሮ ልንገዛ ወረድን። ሻጩ የጠራው ዋጋ ከኪሴ በላይ ነበርና እኔ ልመለስ ፈልጌ ነበር። ወንድሜ ግን በርጩማ ስቦ ተቀመጠና ሰውየውን ስለ አገሩ ጠየቀው፤ ከዚያ ስለ አባቱ፤ ከዚያ ስለ አንድ የሞተ ዘመዱ። ቡና መጣ። አንድ ሰዓት ያህል ቆመን፥ ይኸውም እኔ ቆሜ እርሱ ተቀምጦ፥ ሻጩ ራሱ ዋጋውን ዝቅ አደረገና ምስማሩን በነጻ ጨመረልን። እኔ ቆርቆሮውን ቆጠርሁ፤ አርባ ሁለት ነው፥ አልጎደለም። ገንዘቡን ከኪሴ አውጥቼ የሰጠሁ እኔ ስለ ነበርሁ፥ ሻጩ ደረሰኙን በእኔ ስም ጻፈው።